እጀ ጠባብ

ሌሊት ነው የመታኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።
ሌባ እንኳ ሲመጣ ይዞ ነው መክፈቻ፤
እሱ ግን ባዶ እጁን ገብቶ በጭንቅላቴ፣
ቀኜን ቆልፎ ሄደ ከነአንጓ ከነጣቴ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አራዳ፣ በረንዳ ላይ፣
የሰው ክንድ ስለካ፣ የሰው ትከሻ ሳይ፣
ክር በጥርሴ ስበጥስ፣ ፔዳል ስረግጥ የኖርኩ፣
ለአዘዞ ሙሽራ፣ ለወገራ ቄስ፣ እጀ ጠባብ የቆረጥኩ፣
እኔ አንዳርጌ ልብስ ሰፊው፣
የስሙ ትርጉም
ዘንድሮ ገና ገባኝ።

ክርኔ ታጠፈ፤ ጡጫዬ ደረቴ ላይ ወጥቶ ቀረ፣
አውራ ጣቴ ከአራቱ ሥር እንደ ወንጀለኛ ታሰረ።
ዘርጋ ስለው ይብሳል፤ ስስቅ ይጠብቃል፤
ምን እንደሚፈራ እሱ ብቻ ያውቃል።

መንገድ ላይ የሚያውቀኝ «ቋጣሪ» ብሎ ይቀልዳል፤
ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ሲያልፍ ግን ፊቱ ይከብዳል።
የልጄ ልጅ ሶልያና፣ አምስት ዓመቷ፣
«አባባ፣ ምን ይዘሃል?» ትላለች፤ ከረሜላ ነው ግምቷ።

እናኑ ናት የምታውቀው።
ማታ ማታ፣ በሞቀ ውኃ፣ ጣት በጣት ስትፈለቅቅ፣
የከረመ ሊጥ የሚሸተውን መዳፌን ስታጥብ፣ ስታደርቅ፣
ሥጋዬን የነከሰ ጥፍሬን ስትቆርጥ።
አንድ ጠዋት ደግሞ ምላጭ አነሣች፤
በድርብ ስፌት ያጠበቅኩትን የሸሚዜን እጅጌ
ከብብት እስከ አንጓ ተረተረችው፤ እጄ እንዲገባ።
ሁለታችንም ወደ ግድግዳው አየን።

ከጃንተከል ባጃጅ ያዝን፤
የጎንደርን አቀበት እያቃሰተ ሆስፒታል አደረሰን።
ማስተዋል የምትባል ልጅ፣
ነጭ ጋውኗ ትከሻው ላይ ሁለት ጣት የሰፋት፣
ክንዴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና፣
«ኤሌክትሪክ አይደለም፣ አይነዝርዎትም» አለች፤
«ሞገድ ነው ጋሼ። ጡንቻዎን ያንኳኳል።»
«ቢከፍትልኝስ?»
«ልብስ መስፋቱን እንጃ። መታጠብ፣ መልበስ ግን ይቀልዎታል።»
ደስ አለችኝ፤ ስትለካ አትጨምርም።

ከዚያ ጀመረ፤ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣
ሳይቸኩል፣ ሳይዘል፣ በእኩል ርቀት፣
ክንዴ ላይ ሰው የማያየው ስፌት።
ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ! መኪናዬ ናት፣
በረንዳው ላይ ሸራ ለብሳ የከረመችው።
ዓይኔን ብከድን ደህናው እግሬ
አልጋው ላይ ሆኖ ፔዳል ይረግጣል፤
ማስተዋል አይታ ሳቀች።
ሁለት ሺህ ምት ነው አሉ በአንድ ቀጠሮ፤
አንዱ ምት የዘጋውን ሁለት ሺሁ ሊከፍት።
መተርተር ቀላል ነው፤ ከባድ ነው መስፋት።

በሦስተኛው ቀጠሮ መብራት ጠፋ፤
ማሽኑ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ላይ ዝም አለ።
እስኪመጣ በእጇ ይዛ ሳበችኝ፣ ቀስ ብላ፣
የራሷ ጣት እስኪንቀጠቀጥ።

በአምስተኛው ሳምንት ትንሿ ጣቴ ለቀቀች፤
ቀጥላ የቀለበቷ።
ሌሎቹ ግማሽ መንገድ መጥተው ቆሙ፤ ሲመሽ ደግሞ ይመለሳሉ።
ሶልያና ሮጣ መጥታ አየች፤
ከረሜላ የለም። አራት የጥፍር ጠባሳ፣
ፀሐይ ያላየው የነጣ ቆዳ።
አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ከመኪናዬ መሳቢያ
አንድ ቁልፍ አምጥታ መሐል መዳፌ ላይ አኖረች።
ጣቶቼ ከበቡት። ቸኩለው አይደለም።

ትናንት እናኑ መርፌ አንሥታ፣ መነጽሯን ወልውላ፣
የተረተረችውን እጅጌ መልሳ ሰፋችው።
እጄን አሳለፈችው፤ ክርኔ ላይ ትንሽ ያዘ፣
ከዚያ አለፈ፤ በጫፉ ጣቶቼ ብቅ አሉ።
ስፌቱ ጠማማ ነው።
አልነገርኳትም።