የቦሎ ቀን በታዊን

መመሪያው አጭር ነው፦ ብሎን ሳትፈታ፣ ሽፋን ሳታነሣ፣
ዓይንህ የደረሰበትን ጻፍ፤ ያልደረሰበትን እርሳ።
ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ቃል አደርኩ፣
ከሰው መኪና ሥር እየገባሁ እየወጣሁ ሽበት አበቀልኩ።

ፍሬን እለካለሁ፤ የጎማ ጥርስ አያለሁ፤
በትንሽ መዶሻ ሻንሲ እያንኳኳሁ ዝገት አዳምጣለሁ።
ፍሪሲዮን ግን አይመለከተኝም፤
ካምቢዮው እህል እንደሚፈጭ ቢያጓራ አልጽፈውም፤
ሞተሩ ነገ ቢነክስ፣ ዛሬ እስከተነሣ ጠብ የለንም።

ባለፈው ኅዳር፣ ባሕሩ ጎዳናውን በጨው ሲያጥብ ውሎ፣
ወይዘሮ ኤሊኔድ መጡ፤ ዓመቱ ዞረና፣ ያስፈልጋል ቦሎ።
ሰማያዊ ፊያት፣ ከሟች ባላቸው የቀረች፣
የውሻ ፀጉር የለበሰች፣ ከረሜላ ከረሜላ የሸተተች።

ሲገቡ የበሩን ምሰሶ ጨረፉት፤ ወረዱና አዩት፤
"ይህን ደግሞ" አሉኝ እየሳቁ፣ "መቼ ነው የተከላችሁት?"
አባቴ ነው የተከለው፤ እኔ ሳልወለድ።
ዝም ብዬ ከሥሯ ገባሁ፤ ወለሏ ጤና፣ ቱቦዋ ደረቅ፣ የለባት ጉድ።
የፊት መብራቷን በመሣሪያ ለካሁ፤ ቀጥ ያለ ነው።
የእሳቸውስ ዓይን? በየትኛው ሣጥን ነው ምልክት የሚደረገው?

እንደ ዘበት፣ ሻይ እያቀበልኩ፣ "ማዶ የቆመው የዓሣ መኪና" አልኩ፣
"ታርጋው ስንት ይላል? መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ…"
ዓይናቸውን አጥብበው፣ አንድ ፊደል ሳይዘሉ፣
ጠሩት በሙሉ፤
የጠሩት ግን የፊያቷን ታርጋ ነው፣ በቃል የሚያውቁትን።
አላረምኳቸውም። አቀረቀርኩ፣ እያየሁ ወረቀቴን።

"አለፈች?" አሉኝ።
"መኪናዋ አልፋለች።"
"ተመስገን! እኔ እኮ ዘንድሮ ቀድማኝ የምታልፍ መስላኝ ነበረች።"

ከምክሩ ረድፍ "የኋላ ግራ ጎማ ሊያልቅ ነው" ብዬ ጻፍኩ፤
እውነት ነው፤ ከእውነቱ ግን ትንሹን መረጥኩ።
ቁልፉን አልመለስኩም። "ዝናቡ ከብዷል፣ ላድርስዎት" አልኩ።
ለልጃቸው መደወል አለብኝ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩ።

ከጎኔ ተቀመጡ፣ ቦርሳቸውን አቅፈው።
መስታወቱን ጉም ሸፍኖታል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው
የመንገዱን ጉድጓድ ይቆጥራሉ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ቆይተው ደግሞ ሦስት።
"አሁን ወደ ግራ" አሉ፣ ያለ አንዳች ጥርጥር፣ ያለ ስሕተት።

ልክ ናቸው።
ግራ ነበር።