ወይም

ከአምባሳደር ጀርባ፣ ከሱፍ ሰፊዎቹ መደዳ ትንሽ ወረድ ብሎ፣
ሰማያዊ ታፔላ አለ፣ «በረዶ» የሚል ስም አንጠልጥሎ።
በረዶ ልብስ ንጽህና፣ ቅርንጫፍ ዐሥራ አንድ፤
ስሙ የኩባንያው፣ ላቡ የአባዬ፣ አቧራው የመንገድ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው እድፍ አንብቧል፤
«ይኼ ወጥ ነው፣ ይኼ ቅባት፣ ይኼ ግን ዕንባ ነው» ብሏል።
የሙሽራ ቬሎ፣ የዳኛ ካባ፣ የሐዘንተኛ ጥቁር ሻሽ፣
ሁሉን በእኩል እሳት፤ ማንንም ሳይገድል ያረጀ ተኳሽ።

በጥር አንድ ማለዳ፣ ካውያው እንደጋለ፣
ቀኝ እጁ ብቻውን፣ ሳያማክረው፣ «በቃኝ» አለ።
ባለቤቱ ያልመጣ ነጭ ሸሚዝ ላይ
የካውያው ቅርጽ ቀረ፣ ቡናማ ጀልባ መሳይ።
ከዚያ ወዲህ ግራ እጁ ነው የሚናገር፤
«እ» ይላል ለእሺ፣ «እ» ይላል ለእምቢ፣ መለየቱ የኛ ነገር።

ውሉን ከመሳቢያ አወጣሁት። አንቀጽ ሃያ ሁለት፦
«ባለፈቃዱ በሞት
ወይም በአካል ጉዳት
ሥራውን መምራት ቢሳነው፣
ወራሹም በዘጠና ቀን ሠልጥኖ ኩባንያው ካልተቀበለው፣
ስሙም፣ ምልክቱም፣ የሳሙናው ቀመርም ተመላሽ ነው።»

ወይም።
ሦስት ፊደል ናት።
በወዲያ ጎኗ መቃብር፣ በወዲህ ጎኗ የአባዬ ወንበር፤
እሷ መሃል ቁጭ ብላ፣ ለሁለቱም አንድ በር።

ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ተራ ቁጥር መቶ ሰባ ሦስት፤
ልጅቷ ቀና ሳትል፣ «ሟች መቼ ነው ያረፉት?»
«አላረፉም» አልኳት፣ «ውጭ ታክሲ ውስጥ ናቸው።»
አርፎም አያውቅ አባዬ፤ የሰው እሁድ ነው ቅዳሜውን የበላው።

ሜክሲኮ፣ ቢሯቸው፣ ሦስት ሳምንት ሠለጠንኩ፤
እኔ የባንክ ልጅ፣ ከቁጥር በቀር ጨርቅ መቼ አወቅኩ?
ሐር በስንት ዲግሪ? የሱፍ ክር ወዴት ይዞራል?
አርባ አንድ ከመቶ። ፈታኙ ኪሩቤል «ድጋሚ ይቻላል»
አለኝ በትሕትና፤ የቀረኝ ግን ዐሥራ ሁለት ቀን።
ወንድሜ ከሐዋሳ፣ በስልክ፦ «ሽጪው፣ ምን አደከመን!»

ውድነሽ ግን አለች።
ዐሥራ ስድስት ዓመት ከአባዬ ጎን የተኮሰች፣
ጥያቄውን ሁሉ፣ ሳነብላት፣ በእጇ የመለሰች።
የቦይለሩን ሳል ታውቃለች፣ የደንበኛውን ዱቤ፤
ግን ወራሽ አይደለችም። ውሉ ደም ይላል እንጂ እጅ አይልም፤
እዚህ ላይ ነው የከፋው ልቤ።

ደግሜ አነበብኩት። ከግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ኩባንያው ሲፈቅድ፣ ወራሹ ለሌላ ብቁ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል።»
ሌሊቱን መብራት ሳላጠፋ አደርኩ።

ማክሰኞ ዕለት ኪሩቤል መጣ፣ ታብሌቱን ታቅፎ፤
«አባት ይሰማሉ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እሳቸውን አልፎ።
የአባዬ ግራ ጣት ተነሣ፣ ቀስ ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ፣
የኪሩቤል ኮት ክርን ላይ ሄዶ ተቀመጠ።
ውድነሽ አነበበችው፦ «የእስክሪብቶ ቀለም ነው፤ ሙቅ ውኃ እንዳይነካው፤
በወተት ይደር ይላሉ፤ ጠዋት እኔ ነኝ የማጥበው።»
ኪሩቤል ክርኑን ገልብጦ አየ። ሳይናገር ኮቱን አወለቀ።
ፈተናዋ እዚያው ላይ አለቀ።

ከዚያ ወረቀቱ። ክፍያው በየወሩ፣ እስከ አምስት ዓመት።
የዕቃው ዝርዝር፦ ሁለት ቦይለር፣ አራት ካውያ፣
መቶ ሃያ የልብስ መስቀያ፣
አንድ ነጭ ሸሚዝ፣ የተቃጠለ፣ ባለቤቱ ያልመጣ።
ቀኙ ስለማይጽፍ የግራ አውራ ጣቱን ቀለም ላይ ነከርነው፤
ካውያ እንደሚያሳርፍ ሰው፣ ጠበቅ፣ ረጋ አድርጎ አተመው።

ውድነሽ ጥጥና አልኮል ይዛ ልትጠርግለት ቀረበች።
የሰው እድፍ ሲያስለቅቅ የኖረው አባዬ
አውራ ጣቱን በመዳፉ ውስጥ ደበቀ።
«እ» አለ።

ይህቺኛዋን ለየኋት።