የውሻ ደም

ረሆቮት፣ ሰኞ ጧት። የእንስሳት ሐኪም ደጅ ተራ ይጠበቃል፤
ሦስት ነን፤ እኔ፣ አባቴ፣ ውሻው ማን ያውቃል።

ስሙን አባቴ ነው ያወጣው። ብርቱካን ማሸጊያው በር ዘብ አድሮ፣
ቡችላውን ከካፖርቱ ሥር ወሽቆ መጣ፣ እንደ ሌባ ተደናብሮ።
እናቴ በጣቷ ወተት እያላሰችው
"ይተርፍ ይሆን?" ብላ ስትጠይቀው
"ማን ያውቃል" አላት። በዚያው ጸና፤ ሌላ ስም የለው።

ጎናችን አንዲት ሴትዮ ነጭ ድመት ታቅፋለች፣
ጆሮ የሌላት። "ፀሐይ ነው" አለች፣
"ፀሐይ ያመጣባት። ጆሮዋን ቆረጧት፣ ዳነች።"
ድመቷ ታንኮራፋለች፤ ምን እንደጎደላት የረሳች።

"ማኒ!" ብለው ጠሩን፤ የዶክተር ዞያ ምላስ
ግማሹን ብቻ ነው የቻለው ለማድረስ።
የእሷ ዕብራይስጥ ሩሲያ ሩሲያ ይላል፣
የእኔ አማርኛ ቀበሌው ጠፍቶበታል፤
አባቴ በመሃላችን ቆብ ጨብጦ ይሰማል።

አንገቱን ዳበሰች፣ ከጉልበቱም ኋላ፤
እጢው አብጧል፣ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ።
ደሙ ተመርምሯል፤ ሦስት መቶ ሼክል ይላል ደረሰኙ።
አባቴ ወረቀቱን አገላበጠው፣ ቀኙን፣ ግራኙን፦
"እኛ አገር፣ ተገድሎ ጠያቂ ያጣ ሰው
'የውሻ ደም ሆኖ ቀረ' ነበር የሚባለው።
እዚህ የውሻ ደም ስም ተለጥፎበት፣ ብልቃጥ አለው?"
አልሳቀም። እኔም።

ዶክተሯ ጣቷን አጠፈች። "ኪሞ አለ፤ በደም ሥር፣
በየሳምንቱ፣ ግድም ስድስት ወር።
ጠጉሩ እንደ ሰው አይረግፍም፣ ምናልባት ጢሙ ብቻ፤
ያስመልሰው ይሆናል፣ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ብቻ።
ከቀናው ዓመት ይኖራል።"
"ይድናል?"
"አይድንም አባ። ይቆያል።"

"ቢላዋስ? ያ ጨረርስ?" "እጢው አንድ ቦታ ቢሆን ነበር፤
የእሱ በደሙ ውስጥ ነው የሚዞር።
ኪኒንም አለ። ርካሽ ነው። ይበላል፣ ይቦርቃል፣
አንድ ወር፣ ሁለት ወር፤ ከዚያ ያገረሽበታል።"
የመጨረሻዋን ጣት አጠፈች። በዕብራይስጥ ቃሉ ለስላሳ ነው፦
"ማስተኛት" አልሁ። አባቴ ውሻውን አየው።
"ለመተኛት ይሄ ምን ሐኪም ያስፈልገዋል?
ከሶፋዬ ላይ መች ይወርዳል?"
ከዚያ ገባው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር ያኔ፣ እዚሁ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ።
ሐኪሙ እኔን አየ፤ "ንገሪያት" አለ፣ "ትወቅ።"
እናቴ እጄን እንደያዘች፣ እጇ እንደ ወረቀት፣
ቃሉ ጥርሴ ላይ ደረሰ፤ መልሼ ዋጥሁት።
"ቁስል ነው" አልኋት፤ "ኪኒን ይሰጡሻል፣
እስከ ሲግድ ይሻልሻል።"
አመነችኝ። ወይም ያመነች መሰለች።
ሲግድ ሳይደርስ ሄደች።

ዛሬ ግን ለውሻው አንዲት ቃል አላጎደልሁም፤
ዋጋውን፣ መቶኛውን፣ ትውከቱን፣ ምንም አልደበቅሁም።
ጨርሼ ዝም ስል አባቴ ቀና አለ፦
"ለእናትሽም እንዲህ ተብሎ ነበር?" አለ።
"አዎ" አልሁ። "ተብሎ ነበር። እኔ ነኝ ያላልኋት።"

አልመለሰልኝም። በእኔ በኩል አለፈ፣ አስተርጓሚ ሳይል፣
በዚያ በዘብ ዕብራይስጡ፣ በር ላይ በለመደው ቃል፣
"ስንት ጊዜ?" ብሎ ዶክተሯን ጠየቃት።
እጇን ዘረጋች፤ መዳፏ ባዶ ነው፣ ምንም የሌለበት።
"ማን ያውቃል" አለ አባቴ ለራሱ፣ ቀስ ብሎ፤
ውሻው ብድግ አለ፣ ስሙን ሰምቶ፣ ጅራቱን ቆልቶ፣ "አቤት" ያለ መስሎ።

ኪኒኑን ይዘን ወጣን። አውቶቡሱ ጢም ያለ ነው፣ ሙቀት ነው።
ማታ አባቴ በአይብ ጠቀለለው፤
ሊሰጠው ሲል ተወው፣ አይቡን መልሶ ገለጠው፣
ነጩን ክብ ነገር በጣቱ እያሳየው
"መድኃኒት ነው" አለው።