ቀን ላይማ ሁሉም ጎበዝ ነው

ፎቶ ቤቴ ከተዘጋ ዓመታት አልፈውታል፤
ታፔላው ግን ዛሬም ሒርማታ ዳር ቆሟል፣
«ጉርድ ፎቶ ባስቸኳይ» የሚል ጽሑፍ ይዞ፣
ዝናብ ግማሽ ፊደሉን በልቶ፣ አደብዝዞ።

አሁን ሥራዬ ሌላ ነው፤ ስልክ ይዘው ይመጣሉ፤
«ጋሽ ተማም፣ ይህን ካሜራ እስቲ ይዳኙት» ይላሉ።
ሜጋፒክስሉን ቆጥረው እንደ ጥሎሽ ይደረድራሉ፤
«ሃምሳ ነው!» «መቶ ስምንት ነው!» ካርቶኑን ይዘው ይምላሉ።

እኔ ካርቶን አላነብም።
ቀን ላይማ ሁሉም ጎበዝ ነው፤ በዚያ አልዳኝም።
የጅሬን ሰገነት በቀትር ሲነሣ፣
የጣውላው ስንጥቅ ሲቆጠር፣ ሣሩም ሲነሣሣ፣
ምስጋናው የፀሐይ ነው፤ ካሜራውን እርሳ።

ይልቅ ነጭ ጀለቢያ ያንሣ ስፌቱ ሳይጠፋ፣
ጥቁሯን ፍየል ጨምሮ፣ አንዱ ባንዱ ሳይከፋ።
የባጃጅ መብራት ማታ ኩሬ ላይ ሲሰበር
አንድ ይሁን ሁለት ይወቅ፤ ባለ ጢም ኮከብ ሳይፈጥር ይደር።

ትናንት ነዚፍ መጣ፣ ያ የመንቲና ልጅ፣
የሦስት ወር ደመወዙን፣ አዲስ ስልኩን፣ ይዞ በእጅ።
«ማታ ነው ጉዱ፣ ጋሼ፤ ጨለማ አያውቅም» አለኝ።
የማያውቀውን ነገር እንዴት ሊያሳየኝ ነው? ገረመኝ።

መብራት እስኪጠፋ ጠበቅን፤ ጅማ ላይ ይህ አያስቸግርም፤
ደመና ሲያስነጥስ ይሄዳል፣ ብዙ አያስጠብቅም።
ከጎኔ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊዋ ዙበይዳ
ሻማ ለኩሳ ነበር፣ ለነገ ሰርግ የቀሚስ ጫፍ ባለዕዳ።
መርፌውን ወደ ነበልባሉ፣ ክሩን ወደ ከንፈሯ፣
አንድ ጉንጯ ብቻ በርቶ፣ የቀረው ሌት፣ እስከ እግሯ።

«እንዳትንቀሳቀሺ!» ብሎ ነዚፍ ሦስት ቆጠረ።
ስልኩ አሰበ፣ አሰበና ሌቱን ፍቆ ቀን ፈጠረ።
ግድግዳው ወለል አለ፤ ስንጥቁ፣ ያምና ካላንደሩ፣
የጨርቁ ቁርጥራጭ፣ በርጩማው ከሦስት እግሩ።
የሷም ፊት፦ እንደተላጠ ድንች የጠራ፣
ከቀለሟ ሁለት እርከን የነጣ፣ ነጥብ የሌለው፣ ተራ።

አየችው። ክሯን ከአፏ አወጣች።
«እንዲህ በርቶ ከነበረ
ሻማውን ለምን ለኮስኩት ታዲያ?» አለች።

ነዚፍ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አንድ ነገር ወጋኝ፤
ጥያቄዋ ስልኩን አልፎ እኔን መጥቶ አገኘኝ።
እኔስ? ቀይ አምፖል ሥር፣ በሾለ እርሳስ ጫፍ፣
ስንቱን ጠይም አቀላሁ፣ ስንት ጠባሳ ደፈንኩ አምሮ እንዲያልፍ።
አንዲት እናት ከሰካ፣ ልጃቸው ከሞተ በኋላ፣
ጉርዱን ይዘው መጡ። «የሱን ስጠኝ» አሉኝ፣ «ይህ ሌላ።
በቅሎ የረገጠችው ምልክት፣ ግንባሩ ላይ፣ የታለ?»
ፍቄዋለሁ አላልኩም። «ፊልሙ ነው» አልኩ። እስከ ዛሬ ውስጤ አለ።

«ነዚፍ፣ ሻማውን በጣትህ ንካ። ያቺን ትንሽ ፀሐይ ወደ ታች ጎትት።
ጎትት፣ አትፍራ፣ እስኪጠቁር፣ ጥቂት ጥቂት።»
ሌቱ ወደ ቦታው ገባ። ነበልባሉ ቅርጽ አወጣ።
ካላንደሩ ሄደ። መርፌው ጫፍ ላይ አንዲት ነጥብ መጣ።

ጥቁሩ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። «ጉድለት ነው» አለ ልጁ።
ጉድለትማ ነው፤ አልክድም፤ ጠባብ ናት የዓይኑ ደጁ።
ግን ጉንጯ ጉንጯ ነበር፤ ከአፍንጫዋ ሥር ያለችው ኪንታሮትም ተመልሳለች።
ዙበይዳ ዳግም አየችው። ምንም አላለች። ክሯን አስገባች።

«እና ጋሼ፣ ጥሩ ነው? ልመልሰው? ልያዘው?»
የሦስት ወር ደመወዝ ነው፤ ምን ብዬ ልዳኘው?
አፌን ስከፍት

መብራት መጣ። ሦስታችንም ዓይናችንን ጨፈንን።
ዙበይዳ ሻማዋን በሁለት ጣት ቆነጠጠች።
ያን ማንም አላነሣውም።