አመድ አፋሽ

ሦስት ኪሎ ከሩብ ሆነ፣ ሚዛኑ ላይ ሲረጋ፤
ያ ሲያንኮራፋ ሌሊቱን ግድግዳ የሚያናጋ፣
ያ አልጋ የሚጠበው፣ ሰማንያ ኪሎው ሰውዬ፣
የእጅ ዕቃ ሆኖ ተመዘነ፣ ቀልሎ ከቦርሳዬ።

ቦሌ፣ የአገር ውስጥ መንገደኛ በሚፈተሽበት በር፣
ጺሙ ገና ያልጠና አንድ ልጅ ቆሞ ነበር።
«እማማ፣ ይሄ ዱቄት የምንድን ነው?» ሲለኝ
አመድ በዱቄት ይስቃል፤ ተረቱ መጣና ሳቅ አፈነኝ።
«ባሌ ነው» አልኩት።
የኮቺን ማዘጋጃ ቤት ማኅተም ያለበትን ወረቀት ዘረጋሁለት።
አነበበ። እጁን ከሣጥኑ አነሣ፣ ቀስ ብሎ፣
እሳቱ ያልበረደ መስሎት፣ ወይ እግዜርን ብሎ።
«ነፍስ ይማር፣ ወይዘሮ ጥሩአይነት።»
ያቺ «ጥ» ጆሮዬ ላይ ተጫረች፣ እንደ ክብሪት።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ቲሩ ነበርኩ።
ምላስህን ላንቃህ ላይ ለጥፈህ ልቀቃት ብዬ ስንቴ ሞከርኩ፤
ለጎንደር ልጅ አልጀብራ ያስተማረው መምህር ራጋቫን
በአንዲት ፊደል ተረትቶ፣ ይስቃል እንደ ሕፃን።

ወንድሜ ጓዴ በስልክ፦ «ለእድሩ ምን ልበል?
ሬሳ የለ፣ ፍትሐት የለ፣ ድንኳን በምን ይተከል?
ሰው እንዴት እንደ ጭራሮ ይነዳል፣ አፈር ሳይቀምስ!»
ዝም አልኩት። እናቴ ናት የመጣችብኝ፣ ያኔ ስንጋባ ስታለቅስ፦
«ለባዕድ ደክመሽ ደክመሽ፣ አመድ አፋሽ ትሆኛለሽ።»
ይኸው እማዬ፣ ደረሰልሽ።

አስተናጋጇ «ከላይ ይሁን፣ ወይ ከወንበሩ ሥር» አለች፤
ባሌን? ከእግሬ ሥር? «እስክንነሣ ብቻ» ብላ አቀረቀረች።
አኖርኩት። ጫማዬን አወለቅሁለት።
ከደመናው በታች ዓባይ ገደሉን ሲጠማዘዝበት
የቀሃ ድልድይ ወሬው መጣ፣ ገና ሳይጠይቀኝ እጄን፦
«የእናንተ ግዮን፣ የእኛ ጋንጋ፣ እሱ ነው ኤፌሶን፣
ከአንድ ገነት ወጡ፤ መንገድ ነው የለያቸው» ያለኝ።
የሒሳብ መምህር ሲዋሽ ያምርበታል። አመንኩ። አገባኝ።

አዘዞ ወረድን።
ጓዴ ብቻውን አልነበረም፤ ስምንት ሽማግሌ፣ ጋቢ የደረቡ፣
አንዱ በምርኩዝ፤ ተማሪዎቹ፣ ጥቁር ሰሌዳውን የከበቡ።
ትከሻ ይዘው መጡ፤ ትከሻ የሚጠይቅ ግን የለ፤
ሣጥኑን ተቀባበሉት፣ እጅ ለእጅ፣ ሁሉም «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሰር» እያለ፣
በሹክሹክታ፣ አፍሮ።
አንዱ «አፈሩን ገለባ ያርግለት» ሲል፣ ደንግጦ አቋረጠው።
አሜን አልኩ። ከገለባ ቀልሎ ነው የመጣው።
ጓዴ ዳር ቆሞ ነበር፣ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ።
ከዚያ መጣ። ምንም አላለ።
ዝናብ የለ፣ ፀሐዩም አልከረረ፤ ጃንጥላውን ሣጥኑ ላይ ዘረጋ፣
እስከ መኪናው ድረስ፣ ክንዱ ሳይታጠፍ፣ ሳይዘናጋ።

በማግስቱ ቀሃ። ውሃው ቀጭን ነው በሚያዝያ፤
ከድልድዩ በላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ አረፋው ይወርዳል ወዲያ።
በዚህ አካሄድ መገጭ ይደርሳል? ጣና? ዓባይ? እንጃ፤
እሱ ቢሆን ያሰላው ነበር፣ ጠመኔ ይዞ፣ በዚያ ድንጋይ ደረጃ።
ጓዴ ጓንት ገዝቶልኝ ነበር። እምቢ አልኩ።
እማዬ፣ ተረትሽ ይሄን አያውቅም፤ በባዶ እጄ አፈስኩ፣
እፍኝ፣ ሌላም እፍኝ። ልስልሱ በነፋስ ሄደ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ቀረ፤
የአጥንቱ ጠጠር ግን፣ ውሃውን ሲነካ፣ ጥርት አድርጎ ተናገረ፦
ጥ።