ግጥም ያለ

መኪናዋን ገፍተን ፀሐይ ላይ አቆምናት፤
"ትቃጠል" አለና ብርድ ልብስ ጣለባት።
ጋራዡ ተራቁቶ ወለሉ ላይ ቀረ
የዘይት ጠባሳ፣ እንደ ዓይን የጠቆረ።
እዚያ ነጥብ ላይ ነው አከርካሪ ያኖርን፣
ርዝመቱን በስንዝር፣ ወርዱን በበር ለክተን፤
"ከበር ያልወጣ ጀልባ ቁም ሣጥን ነው" ብለን።

አቡ ጀዋድ ጡረታ ከወጣ ሰንብቷል፤
ነዳጅ ኩባንያ ውስጥ፣ ቧንቧ ሲለካ አርጅቷል።
አባቱ ግን ሉል ጠላቂ ነበሩ፣ እዚሁ ታሩት፣
ባሕር ጆሯቸውን ደፍኖት፤
ልጅ ሲጠራቸው የማይሰሙ፣
ንፋስ ዞር ሲል ግን ከእንቅልፍ የሚቆሙ።

እኔ ይመር ነኝ፣ ከሐርቡ በላይ፣ የደረቅ አገር ሰው፤
ውኃን በጀሪካን ነው የማውቀው።
ሥራዬ አጥር መጠበቅ፣ ቴምሩን ማጠጣት፤
መጋዝ ያስያዘኝ እሱ ነው፣ ከሥራ ውጪ፣ በሌሊት።

"ኮምፔንሳቶ ነውር ነው" ብሎ ሙሉ ጣውላ ገዛ፣
በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ሲለዝብ እንደ ግንባር የሚወዛ።
እሱ "ሽዋይ፣ ሽዋይ" ይላል፣ ሞርሰቶውን እያጠበቀ፤
እኔ "በል እንግዲህ" እለዋለሁ ጣውላውን፣ እንደ በሬ፤
እያቃሰተም ዘለቀ።

አንድ ነገር ግን አስቸገርኩት።
መጋጠሚያው ላይ ስንደርስ፣
ጥጡን በዓሣ ዘይት ነክረን በመሮ ጫፍ ስንወትፍ፣
እሱ አንድ ዙር ጨርሶ "ይበቃል" ሲል
እኔ ነቅዬ እንደገና።
ሦስት ጊዜ። አራት ጊዜ።
በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል ሁለት ሥራ አለው፤
ቃል ከቃል ሲገጥም ግጥም፣
ጣውላ ከጣውላ ሲገጥምም፣ ግጥም።
"ይህቺ እኮ ከማንግሮቩ የማታልፍ ናት፤
ምን አድርጋህ ነው እንዲህ የምትመረምራት?"
ይለኛል፣ እየሣቀ።
አረብኛዬ ለ"በር"፣ ለ"ውኃ"፣ ለ"ነገ" ይበቃል፤
ለዚያ ሌሊት አይበቃም።

ከኦቦክ ስንወጣ ጨረቃ አልነበረችም።
ዘጠና ሰው፣ እንደ ማገዶ ተደርድረን፤
እኔ ከታች፣ ቀኝ ዳሌዬ ጣውላው ላይ።
መጋጠሚያው ከዳሌዬ ሥር አፉን ከፍቶ ይተነፍስ ነበር፤
ቀዝቃዛ ምላስ ነበረው።
ሸሚዜን አውልቄ ወተፍኩት።
ከዚያ የሰው ፌስታል፣ የማን እንደሆነ አላውቅም።
ከዚያ መዳፌን።
ከጎኔ ሸጋው የሚባል የመርሳ ልጅ
"ገባ?" ይለኛል፣ ዝም ይልና ደግሞ "ገባ?"፣
ሌላ ቃል ያልፈጠረበት ይመስል።
"አልገባም" እለዋለሁ፣
ውኃው ክርኔ ላይ ደርሶ።
ሲነጋ አሸዋው ላይ በየፊናችን ሮጥን፤
ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ጥቅምት ላይ ሙቀቱ ሲሰበር የጋራዡን በር ከፈትን።
በግራ አንድ ጣት፣ በቀኝ አንድ ጣት ተርፏት ወጣች፤
አቡ ጀዋድ እስትንፋሱን ይዞ፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ።
የጎረቤት ልጆች አጨበጨቡ።
መኪናዋ ከነብርድ ልብሷ አኩርፋ ቆማለች፤
የመቀመጫዋ ቆዳ እንደ እንቧይ ተሰንጥቋል።

ውኃው እስከ ጉልበት ነበር፣ ከዚያ እስከ ደረት፣
ከዚያ እግሬ ወለል አጣ።
እሱ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።
እኔ ግን አልተቀመጥኩም፤
ከታች ገብቼ በቀኝ ጎኔ ተጋደምኩ፣
ዳሌዬን መጋጠሚያው ላይ አድርጌ፣
ዓይኔን ጨፍኜ፣ እየቆጠርኩ።
ከጣውላው ማዶ ውኃው ያንኳኳል፣
እንደ ጨዋ እንግዳ፣ ሳይገባ።

"አሞሃል? እዚያ ምን ታደርጋለህ?" አለኝ።
ሱሪዬን ዳሰስኩ።
በአማርኛ መለስኩለት፣ አንዲት ቃል።
ምን እንዳልኩት አልጠየቀኝም፤
ጆሮው እንደ አባቱ ጆሮ
ንፋሱን ሰምቶ ኖሮ
ሸራውን አዞረ።