የግራው በር

ማክሰኞ ማለዳ፣ ጉም ሳይነሳ ከሩስታቪ ሜዳ፣
ናቴላ መጣች፣ የሰው መኪና ይዛ፣ የሰው ዕዳ።
የግራው በር ጎብጧል፣ ቆርቆሮው ተጨማዷል፣
የግቢያቸው ብረት ጥርሱን ትቶበታል።
«አቭቶ፣ ሐሙስ ወንድሜ ጎቻ ከመርከብ ይወርዳል፤
ይችን መኪና ደግሞ እንደ ዓይኑ ብሌን ያያል።
አሳምርልኝ አላልኩም፤ የነበረውን ነው የምልህ፤
ያው ራሱን፣ የፋብሪካውን፤ እንዳይታወቅብኝ ብቻ፣ እባክህ።»

ሰላሳ ዓመት ሙሉ ቀለም ቀመምኩ፤
«ያው ራሱ» ከሚባለው ግን አንድም ቀን አልደረስኩ።
የምሰሶው ቁጥር የሚያውቀው የልደቷን ቀን መልክ፤
ሃያ ክረምት አያውቅም፣ የመንገድ ጨው፣ የነሐሴ ፀሐይ እልክ።

ብርማ ሰማያዊ። ከሁሉ ክፉው እሱ ነው።
ቀይ በግልጽ ይከዳል፤ ጥቁር ግትር ነው፤
ይህ ግን ፊት ለፊት ሲያዩት የሚስቅ፣
ከጎን ሲያዩት የሚኮሳተር ነው።

ሰማያዊ መዘንኩ፤ የብር ብናኝ ጨመርኩ፤
ጥቁር፣ ሁለት ጠብታ፤ ሦስተኛው ላይ ፈርቼ እጄን ሰበሰብኩ።
ካርቶን ላይ ነፋሁ፤ አደረቅሁ፤ ይዤው ወደ ደጅ ሮጥኩ።
ለፀሐይ አሳየሁት፤ «እሺ» አለ። ለደመና፤ አመነታ።
ለአምፑል፤ ካደ።
እንደገና ጥቁር። ግማሽ ጠብታ።

«ስማ፣ ባቻና» አልኩት ተለማማጄን፣
«ርቀህ ስትነፋው ብናኙ ደርቆ ያርፋል፣ ይነጣል፤
ቀርበህ ካራስከው ብሩ ይሰምጣል፣ ቀለሙ ይጠቁራል።
ጣሳው አንድ፣ ቀለሙ አንድ፤ ልዩነቱ የእጅ ነው።
ድንበሩን በሩ ጫፍ ላይ አታቁመው፤ ወደ ጎረቤት አሻግረው፤
እንደ ትንፋሽ እያሳሳህ በፊተኛው ክንፍ ላይ በትነው።
ድንበር ያጣ ዓይን አይፈርድም።»
«ታዲያ ይሄ ማታለል አይደለም?» አለኝ። ልጅ ነው።
«ማመሳሰል ነው» አልኩት፤ «ማስመሰል ሌላ ነው።»
ብዬው ዞርኩ። ልዩነቱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግራ ገባኝ፤
የግራው በር ያን ቀን ሳቀብኝ።

ረቡዕ ማታ ዞራ፣ ጎንበስ ብላ አየች፤
ድንበሩን ፈልጋ አጣች፤ ከፍላ፣ መርቃኝ ሄደች።

ከዚያ ሰኞ፣ መሸት ሲል፣ አንድ ሰው። ጎቻ።
ትከሻው የበር መቃን የሚያህል፣ ድምፁ የሹክሹክታ አቻ።
መኪናዋን ከቢጫው መብራት ስር አቁሟል፤ ልቤ ወደቀ፤
እዚያ መብራት ስር ስንቱ ቀለም ተጋለጠ፣ ስንቱ ባለሙያ ተሳቀቀ!
ዝም ብሎ መዳፉን በበሩ ላይ አሳለፈ።
«ቀለሙስ ያው ነው፤ እጅህ ይባረክ» አለ። «ግን አንድ ነገር አለፈ።
ከመያዣው ስር ጭረት ነበረች፣ በምስማር።
ናቴላ ናት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና፣ ስሟን ልትጽፍ ስትሞክር
አንደኛው ፊደል ላይ ደረስኩባት። ተቆጣሁ። አለቀሰች።
ከዚያ ወዲህ ሰም ስቀባ ጭረቷን ዞሬ ነው የማልፈው። እሷ ረስታለች።»

ያንን ፊደል በአሸዋ ወረቀት የፋቅሁት እኔ ነኝ።
ዝገት መስሎኝ።

«ልመልሰው?» አልኩት፤ «ምስማር አላጣም።»
ሳቀ። «ያንተ እጅ የዘጠኝ ዓመት አይሆንም።
እንዳትነግራት ብቻ።» ሞተሩን አስነሳ።
ባቻናም ያን ጥያቄ ዳግም አላነሳ።

እሷ ያላወቀ መስሏት፣ እሱ ያላወቀ መስሎ፣
በሩ በመሃላቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ የሁለቱን ዝምታ አዝሎ።

መዝገቤ ላይ፣ ከናቴላ ስም ጎን፣ እንዲህ ይላል፦
ሰማያዊ፣ መቶ አርባ ግራም።
የብር ብናኝ፣ ስልሳ ሁለት።
ጥቁር፣ ሁለት ጠብታ ተኩል።
የጎደለ፦ አንዲት ጭረት፣ ጥፍር የምታህል።